የላፕቶፕ ኪቦርድ ቁልፎች በትክክል አልሠራ ሲሉ፦ ከጥገና በፊት ሊደረጉ የሚገባቸው ማጣሪያዎች

ይህ መረጃ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በከሚሴ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለሚኖሩ ተገልጋዮች የተዘጋጀ ነው። የላፕቶፕ ኪቦርድ ፊደል ሲዘልል፣ ሲደጋግም ወይም ጨርሶ ሲያቆም ምክንያቱን ለመለየት ይረዳል። ኪቦርድ አልሠራ ያለ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ያለ ምንም ወጪ በደቂቃዎች የሚስተካከል የቅንብር ለውጥም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። ስለዚህ ከባቲ፣ ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከጅሌ ጥሙጋ ወይም ከደዌ ሐረዋ ላፕቶፕ ይዞ ወደ ከተማ ከመጓዝ በፊት የሚከተሉትን ማጣሪያዎች ማከናወን ይመከራል።

ጉዳዩ ለምን ትኩረት ይሻል?

በዞኑ ሁለት የአጻጻፍ ሥርዓቶች በአንድ ኪቦርድ ላይ ይሠራባቸዋል። አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ፣ አማርኛ ደግሞ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። በሁለቱም የአናባቢ ቁልፎች መበላሸት ቃሉን ሌላ ያደርገዋል። በዚህ ጽሑፍ ቁልፎቹ የተጠቀሱት በእንግሊዝኛ ስማቸው ሲሆን «ኤ» የመጀመሪያውን፣ «ኢ» ደግሞ አምስተኛውን የእንግሊዝኛ ፊደል ያመለክታል።

በድምፅ ላይ በተመሠረቱት የአማርኛ መጻፊያ ዘዴዎች ተነባቢው ብቻውን ሲጫን ሳድስ ይወጣል፤ ግዕዙን ለማግኘት «ኢ» ይጨመራል። ይህ ቁልፍ ካልሠራ «ከድር» የሚለው ስም «ክድር»፣ «ከበደ» ደግሞ «ክብድ» ሆኖ ይቀራል። በቁቤ የድምፅ ርዝመት የሚታወቀው አናባቢው ሲደገም ነው። መሬት ማለት የሆነው «ለፈ» አናባቢዎቹ ሲደገሙ «ላፋ» ይሆንና ለስላሳ ወይም ደካማ ማለት ይሆናል። የ«ኤ» ቁልፍ ሳይታዘዝ ከደገመ ወይም ከዘለለ ትርጉሙ ይለወጣል። ከኢንተር ቁልፍ አጠገብ ያለው ነጠላ ጭረትም የቁቤን ሁድሃ ስለሚጽፍ እንደ ፊደል መታየት አለበት።

ስም በፓስፖርት ማመልከቻ፣ በንግድ ፈቃድ ወይም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት በሚሰጠው የዲጂታል መታወቂያ ላይ በተለያየ ሆሄ ከተመዘገበ ማስረጃዎቹ አይመሳከሩም። የአንድ ቁልፍ ጉድለት ባለጉዳዩን ለስም ማስተካከያ ሊያመላልስ ይችላል።

ደረጃ 1፦ ቅንብሩን ማጣራት

የሚከተሉት መመሪያዎች ዊንዶውስ ለተጫነባቸው ላፕቶፖች የተዘጋጁ ናቸው።

• ሌላ ፊደል የሚወጣ ከሆነ፦ የቋንቋ አቀማመጡ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን፣ ወይም የግራውን አልትና ሺፍት በአንድነት ይጫኑ። ከዐረብ አገሮች የመጡ ላፕቶፖች በዐረብኛ፣ ከአውሮፓ የመጡት ደግሞ በፈረንሳይኛ ወይም በጀርመንኛ አቀማመጥ ተዘጋጅተው ሊገኙ ይችላሉ። የ«ኤ» እና የ«ኪው» ቁልፎች ቦታ ከተለዋወጡ አቀማመጡ ፈረንሳይኛ፣ የ«ዋይ» እና የ«ዜድ» ከተለዋወጡ ጀርመንኛ መሆኑን ይጠቁማል።

• የይለፍ ቃል አልቀበል ካለ፦ የሚጻፈው ስለማይታይ አማርኛ እንደተመረጠ ላይታወቅ ይችላል። ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ፤ ካፕስ ሎክ አለመብራቱንም ያረጋግጡ።

• ከፊደል ይልቅ ቁጥር የሚወጣ ከሆነ፦ በአነስተኛ ላፕቶፖች ነም ሎክ ሲበራ በስተቀኝ ያሉት ፊደሎች ቁጥር ይሆናሉ። «ዩ»፣ «አይ» እና «ኦ» 4፣ 5 እና 6 ይጽፋሉ፤ «ጄ»፣ «ኬ» እና «ኤል» ደግሞ 1፣ 2 እና 3። ነም ሎክን ብቻውን ወይም ከኤፍ ኤን ቁልፍ ጋር በመጫን ያጥፉት።

• በፍጥነት ሲጻፍ የሚዘልል ከሆነ፦ የቀኙ ሺፍት ለ8 ሰከንድ ተይዞ ሲቆይ ፊልተር ኪይስ የተባለው አሠራር ሊበራ ይችላል፤ ይህም አጭር ንክኪዎችን ችላ ይላል። ሺፍት 5 ጊዜ በተከታታይ ሲነካ ደግሞ ስቲኪ ኪይስ ይመጣል። ሁለቱንም በዊንዶውስ ቅንብር የተደራሽነት ክፍል ውስጥ ማጥፋት ይቻላል።

ደረጃ 2፦ የሶፍትዌር ወይስ የአካል ጉድለት?

1. ላፕቶፑን እንደገና ያስነሡ። ለውጥ ከሌለ ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፤ ቻርጀሩን ነቅለው የማብሪያ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ከያዙ በኋላ መልሰው ያብሩት።

2. የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልንና «ኦ»ን በአንድነት በመጫን የስክሪን ላይ ኪቦርድ ይክፈቱ። እያንዳንዱን እውነተኛ ቁልፍ ሲጫኑ በስክሪኑ ላይ ያለው አቻው ቀለሙን ይቀይራል። የማይለወጠውን በወረቀት ይመዝግቡ፤ ዝርዝሩ ለጥገና ባለሙያውም ይጠቅማል።

3. በዩኤስቢ የሚሰካ ሌላ ኪቦርድ ይሞክሩ። እርሱም በተመሳሳይ ሁኔታ ከሳተ ችግሩ የሶፍትዌር ነው። እርሱ በትክክል ከሠራ ግን ጉድለቱ በላፕቶፑ ኪቦርድ ወይም በማገናኛው ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

4. ችግሩ የሶፍትዌር መስሎ ከታየ ዲቫይስ ማናጀርን ከፍተው ኪቦርዱን ከዝርዝሩ ያስወግዱና ላፕቶፑን እንደገና ያስነሡ። ዊንዶውስ አስፈላጊውን ፕሮግራም በራሱ መልሶ ይጭናል።

የተበላሹት ቁልፎች ብዛትም መረጃ ይሰጣል። አንድ ቁልፍ ብቻ ካልሠራ ቆሻሻ ወይም የተሰበረ ፕላስቲክ ይጠረጠራል። በኪቦርዱ ውስጥ ብዙ ቁልፎች አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ስለሚጋሩ በርካታ ቁልፎች በአንድ ጊዜ ሲያቆሙ ከመስመሮቹ አንዱ ተቋርጧል ወይም ኪቦርዱን ከዋናው ሰሌዳ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ኬብል ላልቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ደረጃ 3፦ ጽዳት

አቧራና የምግብ ፍርፋሪ ከቁልፍ ሥር ሲገባ ንክኪውን ይከለክላል። ላፕቶፑን አጥፍተው ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ አዘንብለው በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት። የታመቀ አየር ካለ በአጭር በአጭሩ ይንፉበት። በአፍ መንፋት እርጥበት ስለሚያስገባ አይመከርም። የተጣበቀ ቁልፍ ካለ በጥቂት አልኮል የራሰ ጨርቅ ላዩን ይጥረጉ፤ ፈሳሹን በቀጥታ አያፍስሱ። ቤንዚንና የልብስ ማጠቢያ ፈሳሽ ፕላስቲኩን ወይም ጽሑፉን ይጎዳሉ።

የቁልፉን ክዳን በቢላዋ መንቀል አይገባም። ከሥሩ ያለው ቀጭን የፕላስቲክ ማጠፊያ በቀላሉ ይሰበራል። ስፔስ፣ ኢንተርና ሺፍት ደግሞ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ተጨማሪ የብረት ዘንግ ስላላቸው መልሶ መግጠሙ አስቸጋሪ ነው።

ፈሳሽ ከፈሰሰበት

ቡና፣ ሻይ ወይም ውኃ ሲፈስበት ፋይሉን ለማስቀመጥ እንኳ ሳይዘገዩ የማብሪያ ቁልፉን ተጭነው ያጥፉት። ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡት። ክዳኑን ከፍተው እንደ ድንኳን በግንባሩ ይድፉትና አየር በሚያገኝበት ጥላ ሥር ቢያንስ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያቆዩት። በፀሐይ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅና በሩዝ ውስጥ መቅበር መፍትሔ አይደሉም። ስኳር ያለው መጠጥ ቢደርቅም አጣብቂ ቅሪት ስለሚተው ከመብራቱ በፊት በባለሙያ ተከፍቶ ቢጸዳ ይመረጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ያበጠ ባትሪ

የኪቦርዱ መሐል ወደ ላይ ካበጠ፣ ቁልፎች ከታች ተገፍተው ከተነሡ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ይህ የእሳት አደጋ ያስከትላል። ላፕቶፑን ወዲያውኑ ያጥፉ፤ ቻርጅ አያድርጉ፤ ቁልፎቹን አይጫኑ፤ ባትሪውን አይውጉ። ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ለባለሙያ ያሳዩ።

ቁልፉ ሳይጠገን ማመልከቻ መሙላት ካስፈለገ

ቀነ ገደብ ያለው ማመልከቻ ካለ የስክሪን ላይ ኪቦርድን በማውስ መጠቀም ወይም የዩኤስቢ ኪቦርድ መዋስ ይቻላል። የጎደለውን ፊደል ከሌላ ጽሑፍ ኮፒ አድርጎ መለጠፍም ይሠራል። ከመላክ በፊት ስምን፣ የአባትንና የአያት ስምን፣ የልደት ቀንንና የስልክ ቁጥርን ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። በሚደጋግም ቁልፍ የተጻፈ ቁጥር በተለይ መቆጠር አለበት። በሌላ ሰው ኮምፒውተር ከተጠቀሙ ሲጨርሱ ከአካውንትዎ ይውጡ፤ የወረዱ ሰነዶችንም ያጥፉ።

ወደ ጥገና ሲወስዱ

• ከላፕቶፑ ጀርባ ያለውን የሞዴል ቁጥር ይመዝግቡ፤ ኪቦርድ የሚለዋወጠው በሞዴሉ መሠረት ነው።
• ሰነዶችን ወደ ፍላሽ ዲስክ ገልብጠው በቤት ያስቀምጡ፤ ከባንክና ከኢሜይል አካውንቶች ይውጡ።
• ለኪቦርድ ጥገና የይለፍ ቃል መስጠት ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። ቁልፎቹን በመግቢያው ገጽ ላይ መፈተሽ ይቻላል።
• ዋጋውን አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ደረሰኝና የተቀየረውን ዕቃ ይቀበሉ።
• ላፕቶፑ በቅርቡ የተገዛ ከሆነ ሳይከፈት ለሻጩ ያሳዩ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የግዢ ደረሰኝን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ጥገናው ሲያልቅ ከመክፈልዎ በፊት ሙሉ ስምዎን በአማርኛም በቁቤም ይጻፉበት። ከዚያም በደረጃ 2 የመዘገቧቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ይፈትሹ።