ኩንግ ፉ

በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌላው ሰፈራችን፣ እግሩን አንሥቶ የሚሰነዝር ልጅ ሁሉ ስሙ «ካራቴ» ነው። ካራቴ ግን የጃፓን ነው። የቻይናው «ኩንግ ፉ» ደግሞ ፍቺው ከጠብ ይርቃል፤ በጊዜና በልፋት የተገኘ ችሎታ ማለት ነው። ምግብ አብሳዩም፣ ጸሐፊውም ኩንግ ፉ ሊኖራቸው ይችላል። የእኛ «ሙያ» ይቀርበዋል፤ ያ ዶሮ ወጥ የሚያሳምሩ እናት «ባለሙያ» የሚሰኙበት ሙያ።

ቃሉን ከፍልሚያ ጋር አጣብቆ በዓለም ያዳረሰው የሆንግ ኮንግ ፊልም ነው፤ የፊልሞቹ ኮከብ ብሩስ ሊ በ1973 እ.ኤ.አ. ቢሞትም ዝናው በየቪዲዮ ቤቱ ቀጠለ። ቦዲዳርማ የተባለ መነኩሴ በሻዎሊን ገዳም ፈጠረው የሚባለውን ተረት በሉት፤ በቻይና የፍልሚያ ጥበብ በ495 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተው ገዳም ይቀድማል።

የስፖርቱ መደበኛ ስም «ውሹ» ነው፤ «ው» ውጊያ፣ «ሹ» ጥበብ። በ1936 እ.ኤ.አ. የበርሊን ኦሎምፒክ ለትርኢት ቀረበ፤ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ በ1990 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። ለዳካር 2026 የወጣቶች ኦሎምፒክ የሜዳሊያ ውድድር ሆኖ የተመረጠውም በዚሁ ስሙ ነው።