በእምነት ወይስ በሕግ?

አዲሱ ገበያ ቡና ይዘን ተከራከርን፦ ኢትዮጵያ የቆመችው በእምነት ነው በሕግ? አንዳችን «ክብረ ነገሥት» አለ፣ ሌላዋ «ፍትሐ ነገሥት» አለች። ሕግ ሲጻፍ ግን ሁለቱ አልተለያዩም። የ1923ቱ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የዙፋኑን የዘር ሐረግ ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ መዘዘ። የ1948ቱ በአንቀጽ 126 ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አደረገ።

ታዲያ ከዚህ ትረካ ውጭ ያለው ዜጋስ? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጥተው የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል።

እኛም ክርክራችንን እዚህ ላይ ቋጨነው፦ ክብረ ነገሥትን ቅርሳችን ብለን እንወደዋለን፤ የጎረቤታችንን መብት ግን አንለካበትም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?