ከጨጨሆ እስከ ጊራና
ሥራን ስለ መምራት ሁለት የቆዩ ትምህርቶች

በወልድያ ከተማ ሁለት ታላላቅ መንገዶች ይገናኛሉ። አንደኛው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በመርሳ በኩል ወልድያን አቋርጦ ወደ መቀሌ የሚያልፈው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወደ ምዕራብ ዳገቱን ወጥቶ በጋሸና፣ በጨጨሆና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚደርሰው ነው። ይህ ሁለተኛው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጐበኙ በኋላ በተገኘ ብድር፣ በቻይናውያን መሐንዲሶችና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ድካም በደርግ ዘመን የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ከመቶ ዓመት በፊት፣ በዚሁ ደጋ ላይ፣ በእጅና በባሩድ ኃይል ብቻ ሌላ መንገድ ተጠርጎ ነበር። ያም የዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ ነው።

በአሁኑ ጊዜ የድርጅት ኃላፊዎች በሚሠለጥኑበት ስፍራ ሁሉ የፈጠራ አስተሳሰብና የመሪነት ችሎታ የሚባሉ ሁለት ትምህርቶች ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜም ሁለቱ ከባሕር ማዶ የመጡ አዲስ ዕውቀቶች መስለው ይታያሉ። የሰሜን ወሎን ደጋና ቆላ በጥሞና ለተመለከተ ሰው ግን ጉዳዩ ለአገሩ እንግዳ እንዳልሆነ ይገባዋል። ከዚህም በላይ ፈጠራ ከመሪነት ጋር ተስማምቶ ሲሄድና ሳይስማማ ሲቀር የሚደርሰውን ልዩነት በግልጽ ያያል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ አጥብቀው ከተመኙት ነገር አንዱ የአውሮጳን የእጅ ጥበብ ወደ አገራቸው ማስገባት ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የሰፈሩት ሚሲዮናውያን ወንጌል ለመስበክ የመጡ፣ ከእነርሱም አያሌዎቹ የእጅ ሙያ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። መድፍ እንዲሠሩ ሲታዘዙ ሙያው እንደሌላቸው ቢያመለክቱም ንጉሠ ነገሥቱ ምክንያታቸውን አልተቀበሉም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እንደገና ተሞከረ፤ በመጨረሻም ተሳካ። ከጋፋት ሥራዎች ሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን፣ ማለትም ወደ 70 ኩንታል ይጠጋ ነበር።

ዋናው ፈተና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ እንዲህ ያለውን ሸክም ተሸክሞ ገደል የሚወርድ አጋሰስ በአገሩ አልነበረም። ሴባስቶፖልን በሠረገላ ላይ ለመሳብ እስከ 500 ሰው ያስፈልግ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «መድፉ ተራራውን እንዴት ይሻገራል?» ብሎ በጠየቀና ምላሽ ባጣ ነበር። እርሳቸው ግን ጥያቄውን ገለበጡት፤ መድፉን ለተራራው ከማመቻቸት ይልቅ ተራራውን ለመድፉ አመቻቹት። ወታደሩ ሁሉ መንገድ ሠሪ ሆነ። ቋጥኙ በባሩድ ፈረሰ፣ ገደሉ ተደለደለ። በጨጨሆና በቤተ ሖር አልፈው፣ በዋድላና በደላንታ መካከል ያለውንና አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ያለውን የጅጣን ሸለቆ ወርደው ወጡ። ቀጥለውም የበሽሎን ሸለቆ ተሻግረው በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። በዚያን ጊዜ በምርኮ የነበሩት አውሮጳውያን እንደ መሰከሩት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሠራተኛው ጋር ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር።

ጥያቄን መገልበጥ ፈጠራ ነው፤ ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ማንሣትም መሪነት ነው። እንግዲያው ምን ጐደለ?

የጐደለው ሰው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መንገዱን ሲጠርጉ አገሩ ከጀርባቸው ሸፍቶ ነበር። ላስታ በዋግሹም ጐበዜ፣ ሸዋም በምኒልክ እጅ ነበሩ። በ1859 ዓ.ም. ጐንደር ተዘርፋና ተቃጥላ፣ የበጌምድር ገበሬም ተበዝብዞ ስለ ነበር፣ ሠራዊቱ እየከዳ ከቀን ወደ ቀን አነሰ። «ጃንሆይ፣ አሁን የሚያስፈልገን መድፉ ነውን?» ብሎ ሳይፈራ የሚጠይቅ አማካሪ በአጠገባቸው አልነበረም፤ ሐሳቡም ፈቃዱም የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ቀረ። በአንጻሩ ጄኔራል ናፒየር፣ እርሱም በሙያው የጦር መሐንዲስ የነበረ፣ ወደ 13,000 ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ሲመጣ፣ የጅጣን ገደል የተሻገረው ዐፄ ቴዎድሮስ ባስጠረጉት በዚያው መንገድ ነበር። የእሮጌ ጦርነት ሚያዝያ 3 ቀን ተደረገ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። የጋፋት እቶን ከዚያ ወዲያ አልነደደም። ሴባስቶፖልም በመቅደላ አምባ ላይ እንደ ወደቀ ቀረ።

የጅጣ ውኃ ወደ ምዕራብ ወርዶ ወደ ዓባይ ይገባል። ከዚያው ደጋ ጫፍ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረው ውኃ ደግሞ ወደ ሀብሩ ቆላ፣ ወደ መርሳና ወደ ጊራና ይወርዳል። በዚህ ቆላ ሌላ ዓይነት መሪነት ይገኛል። ገበሬው ወንዙን በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በአፈር ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ይመራል። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ጠለፋውን ያፈርሰዋል፤ ጎርፉ ሲያልፍ ገበሬው ተሰብስቦ እንደገና ይሠራዋል። ሥራውን የሚያስተባብረው፣ ተራውን የሚያደላድለውና ጠብ ሲነሣ የሚዳኘው የውኃ አባት ይባላል። ሥልጣኑም የሚመነጨው ከውኃው ተጠቃሚዎች ፈቃድ ነው። አድልዎ የታየበት እንደሆነ ቃሉ አይሰማም፤ ቃሉ ካልተሰማም ቦዩን የሚጠርግ ሰው አያገኝም።

ይህ ሥራ ከሴባስቶፖል ጋር ሲነጻጸር ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም መሐንዲስ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለው። ጠለፋው በፈረሰ ቁጥር «ባለፈው የት ተሸነፍን?» የሚለው ጥያቄ በወንዙ ዳር ይነሣል። ጠለፋው ጥቂት ክንድ ወደ ላይ ይሁን፣ አቅጣጫውም ይለወጥ የሚል ገበሬ ሐሳቡን ያቀርባል፤ የሐሳቡን ደግነትም የሚፈርደው የሚቀጥለው ጎርፍ ነው። ስለዚህ ፈጠራው የአንድ ሰው ሀብት አይደለም፤ የውኃ አባቱ ቢሞት ዕውቀቱ አብሮት አይቀበርም። ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በቆቦ-ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃን በሞተር ስቦ የማጠጣት ሥራ ሲስፋፋም፣ ከፓምፑና ከቧንቧው ጋር የተነሣው ጥያቄ ያው የቀድሞው ነው፤ ተራውን ማን ያደላድላል? የተበላሸውንስ ማን ይጠግናል?

ከሁለቱ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት አንዱን አወድሶ ሌላውን ለመንቀፍ የሚያበቃ አይደለም። የዐፄ ቴዎድሮስ ድፍረት ባይኖር ጅጣ መንገድ ባላገኘ ነበር፤ በውኃ አባት ትዕግሥት ብቻም ደጋ ለደጋ 300 ኪሎ ሜትር መንገድ አይሠራም። ነገር ግን ድርጅት እንዲመራ ኃላፊነት የተሰጠው ባለሙያ ትልቅ ሥራ ሲጀምር ሦስት ነገሮችን ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። ችግሩን ከሌላ አቅጣጫ ተመልክቶታልን? በሥሩ ያለው ሰው «ይህ ሥራ አያስፈልገንም» ለማለት ይደፍራልን? እርሱ ከስፍራው ሲነሣ ዕውቀቱ በማን እጅ ይቀራል?

ዐፄ ቴዎድሮስ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከዘመናቸው ሰዎች ሁሉ በላይ መልሰዋል። መንገዳቸው ለጠላት ያገለገለው ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለሱ ስለ ቀሩ ነው።