ከዓለም ገበያ ወደ ጎረቤት ገበያ፤ የላቲን አሜሪካ ተሞክሮ

ከ1931 እስከ 1944 ባሉት ዓመታት የብራዚል መንግሥት ከአምራቾች እየገዛ ያጠፋው ቡና 78 ሚሊዮን ጆንያ ያህል ነበር። እያንዳንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ይመዝን ነበር። አብዛኛው በእሳት ተቃጠለ፤ ከፊሉም ወደ ባሕር ተጣለ። ብዙ የተደከመበትን ምርት በገዛ እጅ ማጥፋት ለተመልካች እብደት ይመስላል። ይሁን እንጂ ድርጊቱ ኤኮኖሚያቸውን በአንድ ምርትና በሩቅ ገዢ ላይ የመሠረቱ አገሮች ምን እንደ ደረሰባቸው፣ ከችግሩም ለመውጣት በየትኛው መንገድ እንደ ሄዱ ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1870 ገደማ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የእንፋሎት መርከብ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ቴሌግራፍና በወርቅ ላይ የተመሠረተው የገንዘብ ሥርዓት ክፍለ ዓለማትን በንግድ አስተሳስረው ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የላቲን አሜሪካ አገሮች ድርሻ ጥሬ ዕቃ ማቅረብ ነበር። ብራዚል ቡና፣ አርጀንቲና ስንዴና ሥጋ፣ ቺሊ ናይትሬትና መዳብ፣ ኩባ ስኳር ይልኩ ነበር። በለውጡም ጨርቃ ጨርቅ፣ የባቡር ሐዲድና ልዩ ልዩ መሣሪያ ይገባላቸው ነበር። የወደብ ከተሞች በዚህ ንግድ ደመቁ፤ የምርቱ ዋጋ ግን የሚወሰነው በለንደንና በኒው ዮርክ ነበር።

በ1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ በተናጋ ጊዜ የዚህ ጥገኝነት ጉዳት ገሃድ ወጣ። አሜሪካ በ1930 የገቢ ዕቃዎችን ቀረጥ ከፍ አደረገች። እንግሊዝ በ1931 ከወርቅ መለኪያ ወጣች፤ በሚቀጥለውም ዓመት በኦታዋ ጉባኤ ለግዛቶቿ የንግድ ቅድሚያ ሰጠች። ከ1929 እስከ 1931 የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ22 ሳንቲም ገደማ ወደ 8 ሳንቲም ገደማ ወረደ። የውጭ ምንዛሪ በመመናመኑ የላቲን አሜሪካ አገሮች ከውጭ ያስመጡት የነበረውን ዕቃ መግዛት አልቻሉም።

ብራዚላዊው የኤኮኖሚ ሊቅ ሴልሶ ፉርታዶ በ1959 ባሳተመው የአገሩ የኤኮኖሚ ታሪክ መጽሐፍ ስለ ቡናው መቃጠል የተለየ አስተያየት ሰጥቷል። መንግሥት ቡናውን የገዛው በዋነኛነት የእርሻ ባለቤቶችን ለመደገፍ ነበር። ነገር ግን በግዢው የተከፈለው ገንዘብ የእርሻ ሠራተኛው ደመወዝ፣ የነጋዴውም ገቢ ጨርሶ እንዳይደርቅ አደረገ። የአገሪቱ ገንዘብ ዋጋ ዝቅ በማለቱ የውጭ ዕቃ ተወደደ። ገቢው ያልተቋረጠበት ሕዝብ ፊቱን ወደ አገር ውስጥ ምርት መለሰ፤ ከአቅማቸው በታች ይሠሩ የነበሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችም በሙሉ ኃይላቸው መሥራት ጀመሩ። የኢንዱስትሪው ምርት በ1933 ቀድሞ ወደ ነበረበት ደረጃ ተመለሰ። እንግዲህ ፋብሪካዎቹን ያንቀሳቀሰው የውጭ ዕቃ መወደድ ብቻ ሳይሆን በአገር ውስጥ ገዢ መኖሩም ነበር።

በችግር ጊዜ የተጀመረው አሠራር በኋላ በንድፈ ሐሳብ ተደገፈ። የተባበሩት መንግሥታት የላቲን አሜሪካ የኤኮኖሚ ኮሚሽን በ1948 በሳንቲያጎ ተቋቋመ። አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ በ1949 ለዚሁ ኮሚሽን ባቀረበው ጥናት የጥሬ ዕቃ ዋጋ ከፋብሪካ ውጤቶች ዋጋ አንጻር በረጅም ጊዜ እንደሚያሽቆለቁል ገለጸ። ስለዚህ ከውጭ የሚገባውን የፋብሪካ ዕቃ በአገር ውስጥ ማምረት የዕድገት ዋና መንገድ ሆኖ ተወሰደ።

መንገዱ ግን ሁለት እንቅፋቶች ነበሩበት። አንደኛው፣ ጥገኝነቱ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ጨርቁ በአገር ውስጥ ቢሠራም የሽመና መሣሪያው ከውጭ ይገባ ነበር። ብራዚል የብረት ጥገኝነቷን ለመቀነስ በቮልታ ሬዶንዳ ያቋቋመችውና በ1946 ሥራ የጀመረው ፋብሪካ እንኳ የተሠራው በአሜሪካ ብድር ነበር። ሁለተኛው፣ በብዙዎቹ አገሮች መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለ ነበር የገጠሩ ሕዝብ የመግዛት አቅም አልነበረውም። በዚህም ምክንያት ፋብሪካዎች በከተማው ጠባብ ገበያ ብቻ ተወሰኑ።

ገበያውን ለማስፋት የተመረጠው ዘዴ ከጎረቤት ጋር መተባበር ነበር። በ1960 ሰባት አገሮች በሞንቴቪዴዎ የነጻ ንግድ ማኅበር አቋቋሙ። በዚሁ ዓመት ጓቲማላ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ሆንዱራስና ኒካራጓ የመካከለኛው አሜሪካ የጋራ ገበያን መሠረቱ፤ ኮስታ ሪካም በኋላ ገባች። በእነዚህ በአምስቱ አገሮች መካከል የነበረው ንግድ በ1960 ከ30 ሚሊዮን ዶላር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ በ1970 ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ።

ሆኖም የንግዱ መጨመር ጥቅሙ በእኩልነት ተከፋፈለ ማለት አልነበረም። አዳዲሶቹ ፋብሪካዎች በብዛት የተተከሉት በጓቲማላና በኤል ሳልቫዶር ሲሆን፣ ሆንዱራስ የጎረቤቶቿን ዕቃ በውድ ዋጋ የምትገዛ አገር ሆና ቀረች። በዚህ ላይ መሬት አጥተው ወደ ሆንዱራስ የተሰደዱ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የኤል ሳልቫዶር ገበሬዎች ነበሩ። ሆንዱራስ በ1969 እነዚህን ሰዎች ከያዙት መሬት ማስወጣት በጀመረች ጊዜ በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱ የእግር ኳስ ጦርነት በሚል ስም ቢታወቅም ሥሩ መሬትና የተዛባ ጥቅም ነበር። ውጊያው የቆየው ለአራት ቀናት ያህል ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ግን ለዓመታት ለንግድ ተዘጋ፤ ሆንዱራስም ከጋራ ገበያው ወጣች።

የነዳጅ ዋጋ በ1973 ከናረ ወዲህ የላቲን አሜሪካ መንግሥታት ጉድለታቸውን በውጭ ብድር ሸፈኑ። በ1982 ሜክሲኮ ዕዳዋን መክፈል እንደማትችል ስታስታውቅ የቀድሞው መንገድ ተዘጋ፤ ብዙዎቹም ገበያቸውን እንደገና ለዓለም ንግድ ከፈቱ። ቢሆንም የጎረቤት ገበያ ሐሳብ አልሞተም። በ1991 አርጀንቲና፣ ብራዚል፣ ፓራጓይና ኡራጓይ የደቡቡን የጋራ ገበያ በአሱንሲዮን ስምምነት መሠረቱ።

ይህ ታሪክ ለአፍሪካም የቅርብ ጉዳይ ነው። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ የኤኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 ተቋቋመ፤ የአፍሪካ አህጉራዊ የነጻ ንግድ ቀጣና ስምምነትም በ2018 በኪጋሊ ተፈርሞ በ2019 ጸና። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ናት፤ ወደ ውጭ ከምትልካቸው ዋና ዋና ምርቶችም አንዱ ቡና ነው። ከላቲን አሜሪካ ተሞክሮ መረዳት እንደሚቻለው፣ ቀረጥን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ብቻውን ገበያ አይፈጥርም። ፕላን አውጪው ፋብሪካ ከመትከሉ በፊት የገበሬው የመግዛት አቅም ምን ያህል እንደሆነ፣ መሣሪያው በምን ምንዛሪ እንደሚገዛ፣ ከጋራ ገበያው ትንሹ አገር ምን እንደሚያገኝ መመርመር ይገባዋል። መምህሩም የወጪ ንግድን ሲያስተምር ምርቱ የሚላክበትን ወደብ በካርታ ላይ በማሳየት ሳይወሰን፣ ገዢው ፊቱን ያዞረ ዕለት ምርቱን ማን እንደሚገዛው ተማሪዎቹን ቢጠይቅ ትምህርቱ ከራሳቸው ኑሮ ጋር ይገናኛል።