ጠረጴዛ ላይ ያረፈች አውሮፕላን

በአገራችን ቢሮዎች ጠረጴዛ ላይ ከማይጠፉ ጌጦች አንዷ ትንሽዬ አውሮፕላን ናት። ጅራቷ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ አፍንጫዋ ወደ ኮርኒሱ ያቀና። ቲኬት ቢሮ ብትሄዱ አለች፤ ኃላፊው ዘንድ ብትገቡም አለች። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ከበረረ ወዲህ ያተረፈልን ኩራት ነውና ማንም አይፈርድባትም። ግን እስቲ አንስታችሁ እዩዋት፤ ፋብሪካ የወለዳት ናት።

ሌላም አውሮፕላን አለች። ልጆች ከዘይት ቆርቆሮ፣ ከሽቦና ከቆርኪ የሚሠሯት። እሷን ግን ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጣት የለም። «ይሄን ቆሻሻ አውጣልኝ!» ተብላ ከደጅ ትቀራለች።

እኔ የምለው፣ ይቺ የቆርቆሮ አውሮፕላን የምትናገረው ታሪክ ቢኖራትስ? ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያሉትን ሁለቱን የአፋር ከተሞች፣ አዋሽንና ሰመራን እንውሰድ። መኪናው ሁሉ ቆም ብሎ የሚያልፍባቸው ናቸው። የአገራችን የአውሮፕላን ታሪክም በዚያው አቅጣጫ ነው የመጣው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሿ ፖቴዝ፣ የተነሳችው ከጅቡቲ ነው። ፓይለቱ አንድሬ ማዬ የምሥራቁን ቆላ በአየር አቋርጦ ነው ከተማው የገባው። እኛ የምናወራው ስለተቀበላት ሕዝብ እልልታ ነው። ከቆላው ቀና ብሎ ያያትን እረኛ ግን የጠየቀው የለም።

ሰባት ዓመት ሳይሞላ አውሮፕላን በሌላ መልክ መጣ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከአሰብ የተነሳ የጣሊያን ጦር በረሃውን አቋርጦ የአውሳዋን ሰርዶን ያዘ። ሰርዶ ከዛሬዋ ሰመራ ብዙም አትርቅም። ያ ጦር ስንቁን የሚቀበለው ከአውሮፕላን ነበር። ከነነፍሳቸው በጎች ሳይቀሩ በፓራሹት ይወርዱለት ነበር። ሰርዶን ደግሞ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሳት። በአንድ ዘመን ለዓለም አዲስ የነበረ የጦር ስልት የታየባት መንደር፣ ለመታሰቢያ የሚሆን የቆርቆሮ ክንፍ እንኳን የሠራላት የለም።

ዛሬ ሰመራ በሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ስም የሚጠራ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ድሮ በላይዋ ብቻ የሚያልፈው አውሮፕላን አሁን ያርፍባታል። ተሳፋሪው ግን ወርዶ ለማስታወሻ ምን ይገዛል?

«የጠረጴዛ ጌጥ ቢኖር ባይኖር ምን ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ «ፀሐይ» ናት። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የበረረች፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች አውሮፕላን። ጣሊያን ወስዶ በሙዚየሙ አስቀመጣት። እዚህ አገር ተሠርታ የሰው አገር ጌጥ ሆነች ማለት ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. እስክትመለስ ሰማንያ ዓመት አልፏል። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንቶቻችን ስሟን እናውቅ ነበር? በየትምህርት ቤቱ አንዲት የእንጨት «ፀሐይ» ቆማ ቢሆን ኖሮ ልጆች «ይቺ ማን ናት? የትስ ሄደች?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም ነበር። ጌጥ ማለት ጥያቄ የሚያስነሳ ዕቃ ነው።

ችግሩ እንግዲህ የእጅ ማነስ አይደለም። ብረት የሚያቀልጠውን «ቀጥቃጭ» እያልን የሰደብን ሰዎች ነን። ማረሻውን እንፈልጋለን፤ ሠሪውን እንንቃለን። በአፋር ምድር እኮ የእጅ ሥራ ሞልቷል፤ ወንዱ ወገቡ ላይ የሚታጠቀው ጊሌ አለ፤ ሴቶቹ ከዘንባባ የሚሠሩት ሰሌን አለ። በየከተማው በያጅና ቆርቆሮ ሠሪ አለ። የቆርቆሮ ፖቴዝ፣ የእንጨት «ፀሐይ»፣ በሰሌን መቆሚያ ላይ! ለአንድ ሥራ ፈላጊ ወጣት እንጀራ፣ ለመንገደኛው ማስታወሻ፣ ለልጆቻችን ደግሞ ትምህርት ይሆን ነበር።

ለዚህ ስብሰባም ሆነ የጥናት ቡድን አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ገዢ ነው፤ «ማን ሠራት?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ስሙንም ከሥሯ የሚያስጽፍ። የፋብሪካዋ አውሮፕላን ትቀመጥ፤ ማንም አያባርራትም። ጠረጴዛው ለሁለት ይበቃል።