ወጌሻና የማጅራት ሕመም በጎንደር

በየወሩ ስንሰበሰብ ከማይጠፋው ወሬ አንዱ «ማጅራቴን ያዘኝ» የሚል ነው። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ እጅ ሕክምና ታሪክ ጥቂት ልበላችሁ።

ጎንደር በ1628 ዓ.ም ገደማ በአፄ ፋሲል ከተቆረቆረች ወዲህ የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማ ናት። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ ይውል ነበር። በዳባትና በደባርቅ ደጋም እናቶቻችን እንስራና ጭራሮ አዝለው ዳገት ሲወጡ ኖረዋል። እንግዲህ የአንገት ሕመም በታይፕና በመዝገብ ላይ ካረጀነው ጸሐፊዎች አልጀመረም ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ሐኪም ወጌሻ ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። ወለምታ ያቃናል፣ ስብራት ያስራል፣ የደረቀውን ጅማት በቅቤ ያሻል። ሙያውን የሚለምደው እያየና እየዳሰሰ ነው እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም።

ፈረንጁም ቢሆን በማሸት ነው የጀመረው። ከዓድዋ ጦርነት 2 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894፣ 4 ነርሶች ለንደን ላይ የማሸት ባለሙያዎች ማኅበር አቋቋሙ። በእንግሊዝ አገር ፊዚዮቴራፒ የሚባለው ሙያ ያደገው ከዚያ ነው። በእኛም ከተማ በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይኸው ቤት ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ አስተምሯል።

ታዲያ ወጌሻውም የተማረውም እጁን ያሳርፋል፤ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? የተማረው መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ይመረምራል። ማሸት ከ3 ወር በላይ የቆየን የአንገት ሕመም ለጊዜው ያቀልላል፤ የበለጠ የሚጠቅመው ግን አንገትንና ትከሻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሲታከልበት ነው። ይህንንም በሽተኛው ራሱ ቤቱ እንዲሠራ ያሳዩታል።

እጅ የማይደርስበትም አለ። ትኩሳትና ኃይለኛ ራስ ምታት ያለበት የማጅራት መድረቅ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። በአገራችን በ1973 እና በ1981 ዓ.ም በትልቅ ወረርሽኝ ብዙ ሰው የፈጀ በሽታ ነው። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ እንጂ አይታሽም። ክንድ ሲደነዝዝ፣ እግር ሲዝል፣ ወይም ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ ሲመጣም እንደዚሁ ነው። አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ማስጮህም ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊጎዳ ስለሚችል አትፍቀዱ።

ወጌሻውን እናክብር፤ ሐኪም የሚያስፈልገውን ግን ለሐኪም እንተው። እድራችን ለቀብር ብቻ ሳይሆን በቁም ለመመካከርም ይሁን።