የአቡ ዑመይር ወፍና የዛሬዋ በቀቀን

የቀድሞው የፔዳጎጂ አካዳሚ ስሙን ባወረሰው በባሕር ዳሩ ፔዳ ሰፈር ቁርኣን የምናስቀራቸው ልጆች፣ ወፍ ቤት ውስጥ ማኖር ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁናል። ወላጆች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላቸው፤ ልጁ ያኖራትን ወፍ ጣና ዳር ወስዶ መልቀቅ አጅር አያስገኝምን? ለሁለቱም ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል።

የአነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) እናት ኡሙ ሱለይም ከአቡ ጦልሓ የወለደችው አቡ ዑመይር የሚባል ሕፃን ነበራት። ልጁ የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደዚያ ቤት ይገቡ ነበርና አንድ ቀን ልጁን አዝኖ አገኙት፤ ወፏ ሞታለች። እርሳቸውም በኩንያው ጠርተው ወፏ ምን እንደሆነች ጠየቁት። የወፏ ስም ኑገይር ከዑመይር ጋር ቤት ይመታልና አነጋገሩ ለሕፃን ጆሮ የሚጥም ነበር። ሐዲሡን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

የሐዲሥ ሰዎች ፋይዳ የሌለው ነገር ያወራሉ ብለው ይህንኑ ሐዲሥ ለምሳሌ የጠቀሱ ነበሩ። በ335 ሒጅራ ያረፉት የሻፊዒይ መዝሀብ ዓሊም ኢብኑል ቃስ ግን ከዚህችው ሐዲሥ ስድሳ ያህል ትምህርት አውጥተው ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጁ። ሕፃንን በኩንያ መጥራት፣ ከልጅ ጋር መቀለድ፣ ልጅ በወፍ መጫወቱ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። (እኛ ስንቱን ሐዲሥ በጥድፊያ እናልፈው ይሆን!) በ852 ሒጅራ ያረፉት ኢብኑ ሐጀርም በፈትሑል ባሪ ይህን አሳጥረው አስፍረዋል። ሆኖም ድመት አስራ ሳትመግብና ሳትለቅ ስለገደለችው ሴት የተነገረው ሐዲሥም አለ። ስለዚህ ፈቃዱ ከምግብና ከውሃ ጋር የታሰረ ነው።

አሁን ሰዎች በየሽቦ ቤቱ የሚያኖሯት ባጀሪጋር የምትባለው ትንሽ በቀቀን አገሯ አውስትራሊያ ነው። በዚያ ደረቅ ምድር በመንጋ እየዞረች የሣር ፍሬ ትለቅማለች። እንግሊዛዊው የወፍ ሊቅ ጆን ጉልድ በ1840 እ.ኤ.አ. ነፍስ ያላቸውን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በሰው ቤት እየተራባች፣ በዱር አረንጓዴ የሆነው ቀለሟ ሰማያዊም ነጭም ሆነ። እንግዲህ ዛሬ የምትሸጠው ወፍ እናቷም አያቷም ሽቦ ውስጥ የተፈለፈሉ ናቸው።

የጣና ዳር የራሱ በቀቀን አለው። ክንፉ ከሥር ጥቁር፣ ገላው አረንጓዴ፣ የወንዱ ግንባር ቀይ የሆነው ይህ ትንሽ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም። ለሊቃውንት ያሳወቀው በ1814 እ.ኤ.አ. የታተመው የሔንሪ ሶልት የጉዞ መጽሐፍ ሲሆን፣ ስሙም ከቀይ ባሕር ወደ ደጋው በሚያወጣው በታራንታ ተራራ ተሰይሟል። ሾላና ዋርካ ይለቅማል፤ በዛፍ ቀዳዳ ያድራል። ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. የገባችበት የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ይህንን ወፍ ሲቆጣጠር ባጀሪጋርን አይቆጣጠርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ ከዱር ይያዛል፣ ሌላዋ ከቤት ትወለዳለች።

መልሱም ከዚህ ይወጣል። የጣናውን በቀቀን ከዛፉ ያወረደ ሰው ቢለቀው ወደ ሾላው ይመለሳል፤ እንዲያውም ባይነካው ይሻል ነበር። ባጀሪጋርን ሐይቅ ዳር መልቀቅ ግን በጎ ሥራ መስሎ የሚታይ ግድያ ነው። ምግብ መፈለግ አላየችም፣ ጭልፊትን አታውቅም። የማይፈልጋት ሰው ለሚንከባከባት ይስጣት።

የሚያኖራትም ውሃዋን በየቀኑ ይለውጥ፤ እንደ ዳጉሳ ያለ ጥቃቅን እህል ይስጣት። ሳንባዋ ጭስ አይችልምና የቡናው ከሰልና ዕጣን ከሚጨስበት ክፍል ትውጣ። በከተማችን የበዛው አቮካዶ ደግሞ ለእርሷ መርዝ ነው፤ ልጆች ከእጃቸው እንዳያጎርሷት አስቀድሞ ይነገራቸው።